ዝም ያሉት ፋይሎች፦ አሮጌ የድምፅ ፎርማቶች በዛሬ ብራውዘር ላይ

በ2002 ወይም በ2003 ተሠርቶ እስከ ዛሬ ያልተዘጋ የሬዲዮ ድረ ገጽ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የከፈተ ሰው የሚገጥመው ነገር አንድ ዓይነት ነው። የፕሮግራሞቹ ዝርዝር በቦታው አለ፤ የተላለፉበት ቀን፣ የእንግዳው ስም፣ ከጎኑ «ለማዳመጥ እዚህ ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ። ሲጫኑት ግን የሚሰማ የለም። ብራውዘሩ ወይ አድራሻውን አላውቀውም ይላል፣ ወይ አንዲት ትንሽ ፋይል አውርዶ ዝም ይላል። የወረደችውን ፋይል በኖትፓድ ብትከፍቷት ከመቶ ፊደል የማትበልጥ አንዲት መስመር ታገኛላችሁ፦ መጀመሪያዋ «አርቲኤስፒ»፣ ቀጥሎ የአንድ ሰርቨር ስም፣ መጨረሻ ላይ የፕሮግራሙ ፋይል ስም። ፋይሏ ድምፁ የት እንዳለ ትጠቁማለች እንጂ ራሷ ድምፅ የላትም።

ይህን ያየ ሰው ቶሎ የሚደርስበት ድምዳሜ «ፎርማቱ አርጅቷል፤ ከእንግዲህ አይከፈትም» የሚል ነው። ድምዳሜው የተሳሳተ ነው፤ ጉዳትም ያስከትላል፤ ምክንያቱም ፋይሉ ከጥቅም ውጭ ሆኗል ብሎ ያመነ የድረ ገጽ ባለቤት ሰርቨሩን ሲያጸዳ መጀመሪያ የሚሰርዘው እሱን ነው። ብራውዘሮች ለእነዚህ ፎርማቶች በራቸውን መዝጋታቸው እውነት ነው። ድምፁን የሚፈታው ሶፍትዌር ግን ዛሬም አለ፣ በነጻም ይገኛል። እየጠፋ ያለው ፋይሉ ራሱ ነው። ሦስቱን ነገሮች ለይተን ካላየናቸው መዳን የሚችለውን ድምፅ በገዛ እጃችን እንጥለዋለን።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1995 ነው። ሮብ ግሌዘር የተባለ የቀድሞ የማይክሮሶፍት ኃላፊ ሲያትል ውስጥ ያቋቋመው ፕሮግሬሲቭ ኔትዎርክስ፣ ኋላ ሪልኔትዎርክስ የተባለው ኩባንያ፣ በዚያ ዓመት ኤፕሪል ሪልኦዲዮን አወጣ። እስከዚያ ድረስ በኢንተርኔት ድምፅ ለመስማት ፋይሉ በሙሉ ወርዶ እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ ነበር። የሲዲ ጥራት ያለውን የአንድ ደቂቃ ድምፅ በጊዜው በነበረው 14.4 ኪሎቢት ሞደም ለማውረድ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅ ነበር። የሪልኦዲዮ የመጀመሪያው ኮዴክ፣ ማለትም ድምፅ የሚያጭቅበትና የሚፈታበት ዘዴ፣ የሰውን ንግግር በሰከንድ ወደ 8 ኪሎቢት አጨቀው። ጥራቱ ከስልክ ድምፅ አይሻልም ነበር፤ ነገር ግን ድምፁ እየወረደ ሳለ መስማት ተቻለ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 5 የሲያትል ማሪነርስና የኒውዮርክ ያንኪስ የቤዝቦል ጨዋታ በዚሁ ዘዴ በኢንተርኔት በቀጥታ ተላለፈ።

በውጭ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የአጭር ሞገድ ጣቢያ ፍለጋ ማታ ማታ ሬዲዮ ሲያዞር የኖረ ሰው የአማርኛ ፕሮግራም በፈለገው ሰዓት ከኮምፒውተሩ መስማት ቻለ። የማኅበረሰብ ሬዲዮዎች፣ የአብያተ ክርስቲያናት ስብከቶችና መዝሙሮች፣ የፖለቲካ ውይይቶች የሪልኦዲዮ ማጫወቻ በሆነው በሪልፕሌየር ይደመጡ ነበር። የሁለት ሺዎቹን መጀመሪያ የዳያስፖራ ታሪክ የሚጽፍ ተመራማሪ ያለ እነዚያ ቅጂዎች ሥራው ጎዶሎ ነው የሚሆነው። በጋዜጣ ያልወጣ ክርክር፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ቃለ ምልልስ፣ የስደት ታሪክ በባለቤቱ አንደበት የተነገረው በዚያ ነው።

ወደዚያች ባለ አንድ መስመር ፋይል እንመለስ፤ የኋላው ጥፋት ምክንያት ያለው እሷ ውስጥ ነው። ብራውዘር አንድ ሊንክ ሲጫኑት ፋይሉን በሙሉ አውርዶ ነው ለማጫወቻው የሚሰጠው። የሪልኦዲዮ መሐንዲሶች ይህን ለማለፍ በመካከል «ራም» የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አስገቡ። ብራውዘሩ ይህችን በቅጽበት አውርዶ ለሪልፕሌየር ይሰጣል፤ ሪልፕሌየር በውስጧ ያለውን አድራሻ አንብቦ ከሌላ ሰርቨር ጋር፣ በሌላ ፕሮቶኮል፣ በአርቲኤስፒ፣ ይነጋገራል። ስለዚህ አንድ የሬዲዮ ድረ ገጽ ሁለት ቤት ነበረው ማለት ነው፦ ገጹ በአንድ ሰርቨር፣ ድምፁ በሌላ። የድምፁ ሰርቨር ልዩ ሶፍትዌር የሚፈልግ፣ ብዙ ጊዜም ከሌላ ድርጅት የሚከራዩት ነበር። ኪራዩ ሲቋረጥ ገጹ እንዳለ ቀረ፣ ድምፁ ግን ሄደ።

ሪልኦዲዮ ብቻውን አልነበረም። ማይክሮሶፍት በ1999 ደብሊውኤምኤን ይዞ መጣ፤ እሱም «ኤምኤምኤስ» በሚል የሚጀምር የራሱ አድራሻ ነበረው። አፕል ኩዊክታይም ነበረው። ከእነዚህ በፊት የሰን ማይክሮሲስተምስ «ኤዩ» እና የአፕል «ኤአይኤፍኤፍ» ነበሩ፤ ገጽ ሲከፈት ሳይጠሩት የሚዘፍነው ሚዲም ነበር። አብዛኞቹ የሚሠሩት ብራውዘሩ ላይ ተጨማሪ ሶፍትዌር፣ ማለትም ፕላግኢን፣ ሲጫን ነበር።

ፕላግኢን በኔትስኬፕ ዘመን የተፈጠረ መላ ነው። ብራውዘሩ የማያውቀውን ዓይነት ፋይል ሲያገኝ ሥራውን ሌላ ኩባንያ ለጻፈው ፕሮግራም ያስረክባል። ያ ፕሮግራም ደግሞ በኮምፒውተሩ ላይ የተጠቃሚው ሙሉ ሥልጣን ነበረው፤ በፕላግኢኑ ውስጥ አንድ የደህንነት ክፍተት ካለ ድረ ገጹን መክፈት ብቻ ኮምፒውተሩን ለሌባ አሳልፎ ይሰጣል። በሞባይል ስልክ ላይም ፕላግኢኖቹ ብዙም ቦታ አላገኙም። ጉግል በሴፕቴምበር 2013 የድሮውን የፕላግኢን ሥርዓት ከክሮም ሊያስወጣ መሆኑን አስታወቀ፤ በ2015 ክሮም 45 ሲወጣ ሥራው አለቀ። ፋየርፎክስ በማርች 2017 ከፍላሽ በስተቀር ሁሉንም አስወገደ። ፍላሽም በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ተቋረጠ። በዚህ መካከል፣ በ2016፣ አፕል ለዊንዶውስ የሚሠራውን ኩዊክታይም ማደስ አቆመ፤ የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደህንነት ክፍልም ተጠቃሚዎች ከኮምፒውተራቸው እንዲያነሱት መከረ።

ፕላግኢንን የተካው የኤችቲኤምኤል5 የድምፅ መለያ ነው። የድረ ገጽ ጸሐፊው አንድ መስመር ይጽፋል፣ ብራውዘሩ ራሱ ያጫውታል። ግን የትኛውን ፎርማት? እዚህ ላይ የቴክኖሎጂ ድርጅቶቹ መስማማት አልቻሉም። ሞዚላና ኦፔራ ከፓተንት ነጻ የሆነውን ኦግ ቮርቢስ ፈለጉ፤ አፕል እምቢ አለ። የደረጃው አዘጋጅ ኢያን ሂክሰን በ2009 ሁሉም ብራውዘር የግድ የሚደግፈውን ፎርማት የመደንገጉን ሐሳብ ተወው፤ ዛሬም ድረስ ደረጃው ስለ ፎርማት ግዴታ አይጥልም። ውጤቱን በአንድ ነገር ማየት ይቻላል። አንድ ገጽ ብራውዘሩን «ይህን ፎርማት ማጫወት ትችላለህ?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ አለ፤ የሚመለሱት መልሶች «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ምናልባት» ወይም ባዶ ናቸው። «አዎ» የሚል መልስ በደረጃው ውስጥ የለም።

ዛሬ በሁሉም ዋና ዋና ብራውዘሮች ላይ ያለ ሐሳብ የሚሠሩት ጥቂት ናቸው፦ ኤምፒ3፣ ኤኤሲ፣ ፍላክና ያልታጨቀ ዋቭ። የኤምፒ3 የፓተንት ፈቃድ ፕሮግራም በኤፕሪል 2017 ሲያበቃ የመጨረሻው ሕጋዊ እንቅፋት ተነሣ። ዋቭ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ዋቭ መያዣ ነው፤ ውስጡ ለስልክ ጥሪ መቅጃ የሚያገለግለው የጂኤስኤም ወይም የኤዲፒሲኤም ድምፅ ሊኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ የፋይሉ ስም ዋቭ ቢሆንም አብዛኞቹ ብራውዘሮች አያጫውቱትም።

ታዲያ ብራውዘሮቹ የጎደሉትን አሮጌ ፎርማቶች ለምን አይጨምሩም? አንድ ዲኮደር ቢበዛ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ነው፤ ለጉግልና ለሞዚላ ይህ ምን ይከብዳል? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በምሬት ሲነሣ እሰማለሁ፤ ምሬቱ ይገባኛል፣ መልሱ ግን ለእነሱ ያደላል። ዲኮደር ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፋይልን ባይት በባይት የሚያነብ ፕሮግራም ነው፤ ሆን ተብሎ የተበላሸ ፋይል ሲገጥመው ሊሳሳት ይችላል። በ2015 ስቴጅፍራይት በሚል ስም የታወቀው የአንድሮይድ ክፍተት የዚህ ምሳሌ ነው፤ በመልእክት የተላከ አንድ የሚዲያ ፋይል፣ ባለቤቱ ሳይከፍተው እንኳ፣ ስልኩን ለአጥቂ ሊሰጥ ይችል ነበር። ጥቂት ሰው የሚጠቀምበት አሮጌ ዲኮደር ደግሞ የሚመረምረው ሰው ያንሳል። ክሮም በ2024 ቴኦራ የተባለውን አሮጌ የቪዲዮ ፎርማት ያስወጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተጠቃሚው አነሰ፣ አደጋው ግን እንዳለ ነበር። ሞዚላም ተከተለ። ስለዚህ ሪልኦዲዮን የሚያውቅ ብራውዘር እንዲመጣ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ቢመጣም ለሁላችንም ደህንነት አይበጅም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ተስፋ አስቆራጭ ነበር። ግን ባለፉት ዐሥር ዓመታት ሌላ በር ተከፍቷል፤ ከዚህ ሁሉ ለውጥ ትልቁን ቦታ የምሰጠውም ለእሱ ነው። ዌብአሴምብሊ የተባለው ቴክኖሎጂ በ2017 በአራቱም ዋና ዋና ብራውዘሮች ገባ፤ በዲሴምበር 2019 የዓለም አቀፉ የድር ማኅበር ይፋ ደረጃ ሆነ። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ዲኮደር ወደዚህ ቋንቋ ተቀይሮ ከድረ ገጹ ጋር አብሮ ይላካል። ብራውዘሩ ፎርማቱን ማወቅ አይጠበቅበትም። ገጹ ፋይሉን ያወርዳል፣ ያመጣው ዲኮደር ይፈታዋል፣ የተፈታው ድምፅ በብራውዘሩ የድምፅ መሣሪያ በኩል ወደ ስፒከር ይሄዳል። ተጠቃሚው ምንም አይጭንም። ዲኮደሩ ቢሳሳት እንኳ ከገጹ አጥር አይወጣም፤ ፕላግኢን ያልነበረው ጥበቃ ይህ ነው። ሞዚላ ይህን ጥበቃ ስላመነበት በዲሴምበር 2021 በወጣው ፋየርፎክስ 95 ላይ የራሱን የኦግ ማንበቢያ ሳይቀር በዚሁ ዘዴ አጥሮ አስቀመጠ።

ይህ የሙከራ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ዊኪፒዲያ ፓተንት ያለባቸውን ፎርማቶች ስለማይቀበል የድምፅና የቪዲዮ ፋይሎቹ ኦግ ነበሩ፤ የአፕል ሳፋሪ ኦግን ባልደገፈባቸው ዓመታት ብሩክ ቪበር የተባለችው የዊኪሚዲያ ፕሮግራመር የሠራችው «ኦጂቪ» የተባለ ማጫወቻ ዲኮደሩን በገጹ ውስጥ ይልክ ነበር። ኢንተርኔት አርካይቭም ፍላሽ ሊዘጋ ሲል በኖቬምበር 2020 ራፍል የተባለውን አስመሳይ ፕሮግራም አስገብቶ የድሮ የፍላሽ ሥራዎችን በዛሬ ብራውዘር አስከፈተ።

ዋጋው ግን መታወቅ አለበት። ሁሉንም ፎርማት የሚፈታው ኤፍኤፍኤምፔግ በዌብአሴምብሊ ተዘጋጅቶ ሲላክ ወደ 30 ሜጋባይት ይደርሳል። የሞባይል ዳታ በጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም የአዲስ አበባ ወይም የደሴ ሰው፣ 5 ሜጋባይት የማይሞላ ቃለ ምልልስ ለመስማት መጀመሪያ 30 ሜጋባይት ይክፈል ማለት ነው፤ አልስማማበትም። ለአንድ ፎርማት ብቻ የተሠራ ትንሽ ዲኮደር ከሆነ ይቀላል። ለእኔ ይህ ዘዴ የሚገባው ለሁለት ቦታ ነው፦ ዋናውን ፋይል ሳይነካ ማሳየት ለሚፈልግ ቤተ መዛግብት፣ እንዲሁም ተጠቃሚዎች በየጊዜው የማይታወቅ ፎርማት ለሚጭኑበት ገጽ። ለቀረው መለወጥ ይሻላል።

መለወጡም ከባድ ሥራ አይደለም። ፋብሪስ ቤላርድ በ2000 የጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ የመጀመሪያዎቹን የሪልኦዲዮ ኮዴኮች፣ «ኩክ» የሚባለውን የኋላውን የሪል ኮዴክ፣ ደብሊውኤምኤን ሁሉ ይፈታል። ሪልኔትዎርክስ ምስጢሩን አልሰጠም ነበር፤ የኩክን አሠራር በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ከውጭ እያጠኑ ነው የደረሱበት። ለእነዚያ ሰዎች ያለኝን ምስጋና ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፤ ዛሬ ፋይሉ የሚከፈተው ኩባንያው ስለተባበረ ሳይሆን እነሱ ስለደከሙ ነው።

ሲለወጥ ግን ሁለት ጥፋት በተደጋጋሚ ይፈጸማል። የመጀመሪያው ኤምፒ3 ከወጣ በኋላ ዋናውን መሰረዝ ነው። አሮጌው ፋይል ሲታጨቅ ከድምፁ የተወሰነው ተጥሏል፤ ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር ሌላም ይጣላል። ነገ የተሻለ ዲኮደር ወይም የተሻለ የድምፅ ማጽጃ ቢመጣ መነሻ የሚሆነው ዋናው ፋይል ብቻ ነው። ሁለተኛው ከፍተኛ ቁጥር በመምረጥ ጥራት የሚመጣ መስሎ መታለል ነው። ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ምንም የሌለውን የስልክ ጥራት ድምፅ በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ማስቀመጥ አንዱን ሰዓት 144 ሜጋባይት ያደርገዋል፤ ያው ድምፅ ኦፐስ በተባለው ኮዴክ በ32 ኪሎቢት 14.4 ሜጋባይት ነው፣ ለጆሮም ልዩነት የለውም።

ለአገር ቤት አንባቢ ከሪልኦዲዮ ይልቅ የሚቀርበው ኤኤምአር ነው። ከስማርት ስልክ በፊት በነበሩት የኖኪያና ሌሎች ስልኮች የድምፅ መቅጃውን የተጫነ ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ ብዙ ጊዜ በዚህ ፎርማት ነው የቀዳው። የአያት ተረት፣ የልቅሶ ቤት ሙሾ፣ የሠርግ ቀን ፉከራና ቀረርቶ በየሚሞሪ ካርዱ ተቀምጧል። ኤኤምአር ለስልክ ጥሪ የተሠራ ኮዴክ ነው፤ ድምፁን በ20 ሚሊሰከንድ ቁራጭ ይከፋፍላል፣ በከፍተኛው ደረጃው እንኳ የአንድ ሰዓት ንግግር ከ6 ሜጋባይት በታች ነው። ፋይሉ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ባይቶች ማንነቱን ይናገራሉ፦ የቁጥር ምልክት፣ ቃለ አጋኖ፣ ሦስቱ የስሙ ፊደላት፣ የመስመር መጨረሻ። በኮምፒውተር ላይ ያሉት ክሮምና ፋየርፎክስ አያጫውቱትም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያደርገው የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ኤምፒ3 መለወጥ ነው። አይሠራም፤ ብራውዘሩ ውስጡን አንብቦ እነዚያን ስድስት ባይቶች ሲያገኝ ከስሙ ጋር እንደማይገጥም ያውቃል። የባሰው ነገር ከዚያ በኋላ ነው። «ፋይሉ ተበላሽቷል» የሚል መልእክት ያየ ቤተሰብ ካርዱን ያጸዳዋል፣ ለሌላ ነገር ይጠቀምበታል። ፋይሉ ግን ደህና ነበር፤ ስሙን ወደነበረበት መልሶ በኤፍኤፍኤምፔግ ወይም ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ መለወጥ ይበቃ ነበር።

ዛሬ የምንልከው ድምፅም ከዚህ ነጻ አይደለም። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት በኦግ መያዣ ውስጥ ያለ ኦፐስ ነው። ኦፐስ በ2012 ደረጃ የወጣለት፣ ለንግግር ካሉት ሁሉ ከምርጦቹ አንዱ የሆነ ክፍት ኮዴክ ነው፤ ሆኖም መልእክቱን አውርዶ ድረ ገጹ ላይ የለጠፈ ሰው በአይፎን ለዓመታት ዝምታ ነበር የሚያገኘው። አፕል ለኦግ መያዣ ድጋፍ ያደረገው በ2025 ሳፋሪ 18.4ን ሲያወጣ ነው። አሮጌ አይፎን የያዘ አድማጭ ዛሬም አይሰማም፤ ስለዚህ ከኦፐሱ ጎን የኤምፒ3 አማራጭ ማስቀመጥ የሚተው አይደለም።

እንግዲህ ፈቺው አለ፣ መለወጫው አለ፣ በገጽ ውስጥ የማጫወቻ ዘዴው አለ። የሌለው ብዙ ጊዜ ፋይሉ ነው፤ ለዚህ ምክንያቱ ያቺ የራም ፋይል ናት። ከ1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን የሚያከማቸው ኢንተርኔት አርካይቭ ገጾቹን የሚሰበስበው በተለመደው የድር ፕሮቶኮል ነው። የሬዲዮ ገጹን ወሰደ፣ ራሟንም ወሰደ፤ በአርቲኤስፒ ከሌላ ሰርቨር የሚመጣውን ድምፅ ግን አልተከተለም። የአርካይቩ ማከማቻ በሆነው በዌይባክ ማሽን ውስጥ የተቀመጠ ገጽ አይቶ «ይህስ ተርፏል» ያለ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ድምፁ ተርፎ ከሆነ የተረፈው ጣቢያውን ይመሩ በነበሩ ሰዎች ሃርድ ዲስክ፣ ለመጠባበቂያ በተጻፈ ሲዲ፣ ወይም የኪራይ ክፍያው ገና ባልተቋረጠ ሰርቨር ላይ ነው። በእጅ የተጻፉ ሲዲዎች በጥሩ ሁኔታ ካልተቀመጡ ብዙ ዓመት አይቆዩም።

በቦታ ማጣት ማመካኘት አይቻልም። ለዐሥር ዓመት በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ያስተላለፈ የማኅበረሰብ ሬዲዮ 520 ሰዓት ገደማ ድምፅ አለው፤ በ16 ኪሎቢት የታጨቀ ከሆነ በሙሉ 4 ጊጋባይት አይሞላም፤ በአንድ ትንሽ ፍላሽ ላይ ይሰፍራል። ጣቢያ የመራችሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበር ድረ ገጽ ያስተዳደራችሁ ሰዎች ፎርማቱን ለመለወጥ አትቸኩሉ፤ እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ፋይሎቹን እንዳሉ፣ ስማቸውን ሳትነኩ፣ በሁለት ቦታ ገልብጡ። የራም ፋይሎቹንና የድሮውን ገጽ አብራችሁ ያዙ፤ የትኛው ድምፅ የትኛው ቀን፣ የማን ቃለ ምልልስ እንደሆነ የሚታወቀው ከእነሱ ነው።